ከዋንጫው የልጁ እግር ይበልጣል

ውድ የማኅበራችን አባላት፤

እንደሚታወቀው ሁሉ ትምህርት ቤት ሊዘጋ የቀረው ጥቂት ሳምንት ነው። ትምህርት ከተዘጋ ደግሞ የሰፈራችን ልጆች ውሎ ሜዳ ነው። ዝናቡ ጋብ ሲል ኳሷ ብቅ ትላለች። ሩጫ የጀመሩትም ገና ሳይነጋ ተነሥተው አስፋልቱን ይዘው ይወርዳሉ። እኛም እንደየዓመቱ የክረምቱን የሰፈር ውድድር ለማካሄድ ቡድኖችን መመዝገብ ጀምረናል። ስፖርት የሚሠራ ልጅ ጤናው ይጠበቃል፣ ከመጥፎ ውሎ ይርቃል፣ ከጓደኛ ጋር ተስማምቶ መኖርን ይማራል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ልጆቻችሁን ከሜዳ አስቀሩ ለማለት የተጻፈ አይደለም። እንዲያውም ይውጡ፣ ይሩጡ፣ ይጫወቱ ነው የምንለው።

ነገር ግን አንድ ጉዳይ ሳንናገር ውድድሩን መክፈት አልፈለግንም። ሜዳ ካለ የሚጎዳ ልጅ አለ። ችግሩ መጎዳቱ ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ ትንሹን ጉዳት ትልቅ የሚያደርገው ከጉዳቱ በኋላ በልጁ ላይ የሚደረገው ነገር ነው። «ተነሥ፣ ወንድ አይደለህም እንዴ!» ብሎ ጨዋታውን የሚያስጨርስ አሠልጣኝ አለ። ያበጠውን እግር በፍል ውኃ እያሸ ልጁን የሚያስጮህ ጎረቤት አለ። በተሰበረ ክንድ ላይ ቀርከሃ ደግፎ ጥፍር አድርጎ የሚያስርም አለ። ሁሉም ልጁን የሚወዱ ሰዎች ናቸው። ፍቅር ብቻውን ግን አጥንት አይጠግንም።

እኛ ሐኪሞች አይደለንም። ከዚህ በታች የምንጽፈው በጤና ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀና የተስማሙበትን ነገር ነው። ለሁላችንም በሚገባ ቋንቋ አድርገን አቅርበነዋል። ያነበበ ላላነበበው ይንገር።

የልጅ አጥንት የአዋቂ አጥንት አይደለም

ልጅ ማለት አንሶ የተሠራ አዋቂ ማለት አይደለም። አጥንቱ ገና በማደግ ላይ ነው። በረጃጅሞቹ አጥንቶች ጫፍ፣ መገጣጠሚያው አጠገብ፣ አጥንቱ የሚረዝምበት ለስላሳ ቦታ አለ። የአጥንት ማደጊያ እንበለው። ይህ ቦታ ጠንክሮ የሚዘጋው በጉርምስና መጨረሻ ነው። በሴቶች ቀደም ይላል፣ በወንዶች ዘግየት ይላል። እስከዚያው ድረስ ግን ከጅማቱ ይልቅ ደካማው እርሱ ነው።

በመሆኑም የአዋቂ እግር ሲጠማዘዝ የሚጎዳው ጅማቱ ነው። ልጅ በዚያው ዓይነት ሲጠማዘዝ ግን የሚሰነጠቀው ማደጊያው ሊሆን ይችላል። ከውጭ ሲታይ ሁለቱም እብጠት ነው፤ ሁለቱም «ወለም ብሎት ነው» ተብሎ ይታለፋል። ማደጊያው ተጎድቶ ሳይታከም ከቀረ ግን አጥንቱ ሊጣመም፣ ወይም አንዱ እግር ከሌላው ሊያጥር ይችላል። በ12 ዓመቱ የተናቀች ወለምታ በ18 ዓመቱ ታነክሰው ይሆናል ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ልጅ ቁመት በሚመዝበት ወራት አጥንቱ ቀድሞ ይረዝማል፤ ጡንቻውና ጅማቱ ወደ ኋላ ቀርተው ይወጠራሉ። ከ8 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆች ሮጠው ሲመለሱ ተረከዛቸውን የሚያማቸው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ከ10 እስከ 15 ዓመት ያሉትም ከጉልበታቸው ሎሚ ዝቅ ብላ ያለችው አጥንት አብጣ ታማቸዋለች። ይህ የሚያስደነግጥ በሽታ አይደለም። ሩጫውንና ዝላዩን ቀነስ፣ ዕረፍቱን ጨመር ሲያደርጉት በጊዜው ይለቃል። «ሰበብ ፈልጎ ነው» ተብሎ በግድ የሚሮጥ ልጅ ግን ሕመሙ ይረዝምበታል።

ጉዳት ሁለት ዓይነት ነው

የመጀመሪያው በድንገት የሚመጣ ነው። ወለምታ፣ ስብራት፣ ውልቃት፣ የጡንቻ መሰንጠቅ፣ ከራስ ላይ መመታት እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ይህን ሁሉም ሰው ያየዋል፤ ልጁም ይጮኻል።

ሁለተኛው ተደብቆ የሚመጣ ነው። አንድ ሽቦ አንድ ጊዜ ቢያጥፉት ምንም አይሆንም። እዚያው ቦታ ላይ ደጋግመው ሲያጥፉት ግን ይበጠሳል። አጥንትም እንዲሁ ነው። ያለ ዕረፍት በየቀኑ አስፋልት ላይ የሚሮጥ ልጅ ቅልጥሙ ላይ ወይም የእግሩ መዳፍ አጥንት ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ሊወጣበት ይችላል። መውደቅ የለ፣ መመታት የለ፤ ማንም አያውቅለትም።

ይህን የተደበቀ ጉዳት በአራት ደረጃ መለየት ይቻላል። በመጀመሪያ ልጁን የሚያመው ከልምምድ በኋላ ብቻ ነው። ቀጥሎ በልምምድ ላይ እያለም ያመዋል፤ ግን እንደ ልቡ ይሮጣል። በሦስተኛው ደረጃ ሕመሙ ሩጫውን ይቀንስበታል፣ ያነክሳል። በአራተኛው ቁጭ ብሎም ያመዋል። በመጀመሪያው ደረጃ ልምምዱን ማቅለልና ማረፍ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ሁለተኛው ላይ ሥራው በጣም ሊቀነስ ይገባል፤ በሳምንት ውስጥ ካልተሻለው ይታይ። ሦስተኛውና አራተኛው ላይ የደረሰ ልጅ ግን ልምምድ አቁሞ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። የልጅ የእግር ሕመም ሁሉ ከስፖርት የመጣ አይደለም። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም፣ ትኩሳት ያለው እብጠት፣ ወይም ምክንያቱ ሳይታወቅ ክብደት መቀነስ ከታየ «ኳስ ነው» ብላችሁ አትቀመጡ። በቶሎ ለሐኪም አሳዩ።

ታላላቆቹም ተጎድተዋል

ልጆቻችን ሕመማቸውን የሚደብቁት ጀግና ሕመም የለውም ብለው ስለሚያስቡ ነው። ታዲያ የጀግኖቹን ታሪክ እናስታውሳቸው።

አበበ ቢቂላ በሮምና በቶኪዮ ማራቶንን ካሸነፈ በኋላ፣ ጥቅምት 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ኦሎምፒክ ለሦስተኛ ጊዜ ተሰለፈ። እግሩ ተጎድቶ ስለነበር 17 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሮጠ አቋርጦ ወጣ። በዚያ ቀን ወርቁን ለአገሩ ያመጣው ማሞ ወልዴ ነበር። አበበ አቋርጦ በመውጣቱ ስሙ አንዳችም አልጎደለም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ መስከረም 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ ቀድሞ ሲያሸንፍ የተረከዙ ጅማት ሕመም ነበረበት፤ ከውድድሩ በኋላ ቀዶ ሕክምና አድርጎለታል። በአቴንስም ያው ጅማት አስቸግሮት 5ኛ ሆኖ ጨረሰ። ቀነኒሳ በቀለ ባቱ ተጎድቶ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ከውድድር ራቀ። ነሐሴ 2003 ዓ.ም. በዴጉ የዓለም ሻምፒዮና ላይ ተመልሶ 10,000 ሜትሩን ሳይጨርስ ወጣ። ከሦስት ሳምንት ያነሰ ጊዜ ቆይቶ፣ መስከረም 2004 ዓ.ም. ብራስልስ ላይ ያንኑ ርቀት በ26 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ሮጦ አሸነፈ።

እነዚህ ሰዎች አዋቂዎች ነበሩ። አጥንታቸው ጠንክሯል፣ ሐኪምና አሠልጣኝ ከጎናቸው ነበር። እንዲያም ሆኖ ሰውነት እንቢ ሲል እንቢ ይላል። ታዲያ የእኛ የ13 ዓመት ልጅ በሰፈር ዋንጫ ምክንያት እያነከሰ 90 ደቂቃ የሚጫወተው ምን ሊያተርፍ ነው?

ልጆች ሆይ፣ ይህች ቃል ለእናንተ ናት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ሲያማችሁ ተናገሩ። ቦታችሁን ማንም አይወስድባችሁም። ይህን ማኅበሩ ዋስ ሆኖ ይነግራችኋል።

እንዴት እንከላከል?

1ኛ. ሰውነትን ማሟሟቅ። ብዙዎቹ ቡድኖቻችን ሜዳ እንደደረሱ ልብስ ቀይረው በቀጥታ ወደ ግጥሚያ ይገባሉ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ማሟሟቅ ያስፈልጋል። በመጀመሪያ ቀስ ያለ ሩጫ፤ ቀጥሎ በአንድ እግር መቆም፣ ቁጢጥ ብሎ መነሣት፣ ዘሎ በሁለት እግር ጉልበትን አጠፍ አድርጎ ማረፍ፣ ሆድንና ወገብን የሚያጠነክር ሥራ፤ በመጨረሻም ፈጠን ያለ ሩጫና ዙሮ መመለስ። ፊፋ ይህን የመሰለ «11+» የሚባል ሥራ አዘጋጅቶ በኖርዌይ ከ13 እስከ 17 ዓመት ባሉ ልጃገረዶች ላይ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው ጥናት መሠረት ጉዳቱ በሲሶ ያህል ቀንሷል። ኳስ እንጂ ሌላ ዕቃ አይጠይቅም፤ ገንዘብም አያስወጣም።

2ኛ. ቀስ በቀስ መጨመር። ዓመቱን ሙሉ ወንበር ላይ የከረመ ልጅ ሐምሌ 1 ቀን ተነሥቶ በቀን ሁለት ጊዜ መሮጥ የለበትም። የሳምንቱን ሥራ በአንድ ጊዜ ከአሥር አንድ እጅ በላይ አለመጨመር ጥሩ ልማድ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

3ኛ. ዕረፍት። ባለሙያዎች የሚሉት ቀላል መለኪያ አለ፤ ልጁ በሳምንት የሚሠራው የልምምድ ሰዓት ከዕድሜው ቁጥር አይብለጥ። የ10 ዓመት ልጅ በሳምንት ከ10 ሰዓት በላይ አይሠልጥን። በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን፣ ቢቻል ሁለት ቀን ሙሉ ዕረፍት ይኑረው። ለትምህርት ቤትም፣ ለሰፈርም፣ ለፕሮጀክትም በአንድ ሳምንት ሦስት ቦታ የሚጫወት ጎበዝ ልጅ አለ። ሦስቱም አሠልጣኞች ይወዱታል፤ ሦስቱም ግን አንዱ ሌላው ምን ያህል እንዳሠራው አያውቁም። ይህን መቁጠር የሚችለው ወላጅ ነው።

4ኛ. ምግብ፣ ውኃና እንቅልፍ። ባዶ ሆድ የሚሮጥ ልጅ ይደክማል፤ የደከመ ልጅ ደግሞ ይወድቃል። በክረምት የፍልሰታ ጾም እንደሚገባ የታወቀ ነው፤ ትንንሾቹም ይጾማሉ። የሙስሊም ልጆቻችንም በረመዳን ይጾማሉ። አሠልጣኞች በጾም ሰዓት ከባድ ሥራ አይስጡ፤ ልምምዱን ልጆቹ ከበሉ በኋላ ወዳለው ሰዓት ያዙሩት። ስለ ሴቶች ልጆቻችንም በግልጽ መናገር ይገባል። «ክብደት ቀንሺ፣ ትፈጥኛለሽ» እየተባለች ምግብ የምትቀንስ ሯጭ አጥንቷ ይሳሳል። የጀመረ የወር አበባዋ ለሦስት ወር ከቀረባት ይህ የሰውነት የእርዳታ ጥሪ ነው። እናቶች በእርጋታ ጠይቋቸው፣ ወደ ጤና ጣቢያም ውሰዷቸው። የሚያሳፍር ነገር የለውም።

5ኛ. ጫማና ሜዳ። ከወንድም የተዋሱት ሁለት ቁጥር የሚበልጥ ታኬታ እግር ያጠማዝዛል። በልኩ የሆነ ተራ ሸራ ጫማ ይሻላል። የቅልጥም መከላከያ መግዛት ያልቻለ ወፍራም ካርቶን ቆርጦ ካልሲው ውስጥ ያስገባ፤ ከባዶው ይሻላል። ሜዳው ላይ ጠርሙስ፣ ሚስማርና ድንጋይ ከግጥሚያ በፊት ይለቀም። መሬት ላይ ያልታሰረ የብረት ግብ ልጅ ተንጠልጥሎበት ቢወድቅ ይገድላል፤ በዓለም ላይ በዚህ የሞቱ ልጆች አሉ። ሯጮችም ሁልጊዜ አስፋልት ላይ ከመሮጥ አፈርና ሣር ያለበትን ቦታ ቀላቅሉ። ገና ሳይነጋ የምትወጡት ደግሞ ነጣ ያለ ልብስ ልበሱ፣ መኪና ፊት ለፊት እያያችሁ ሩጡ።

6ኛ. ዕድሜ አለመደበቅ። ይህን ስንጽፍ ፈገግ የሚሉ እንዳሉ እናውቃለን። ጢሙን ተላጭቶ «15 ዓመቴ ነው» የሚል ተጫዋች በየውድድሩ አይጠፋም። ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም። 75 ኪሎ የሚመዝን ጎልማሳ 40 ኪሎ ከሚመዝን ልጅ ጋር ሲጋጭ የሚሰበረው ማን እንደሆነ ይታወቃል።

ጉዳት ሲደርስ በመጀመሪያ ምን ይደረግ?

ጨዋታው ይቁም። ልጁን ጎትቶ ማስነሣት አያስፈልግም። መጀመሪያ አነጋግሩት። አንገቱን ወይም ጀርባውን ካመመው፣ ወይም እግሩ ከደነዘዘ፣ ከነበረበት ሳታነቃንቁት አምቡላንስ ጥሩ። የቀይ መስቀል ቁጥር 907 ነው፤ በአዲስ አበባ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 ነው።

ወለምታ ወይም ምት ከሆነ ልጁ ይረፍ። ባበጠው ቦታ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይደረግ፤ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ይደገም። በረዶ ከሌለ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ፎጣ ይበቃል። በረዶን ራቁት ቆዳ ላይ ማድረግ ግን ያቃጥላል። በሚለጠጥ ፋሻ ላላ አድርጎ መጠቅለል፣ እግሩንም ትራስ ላይ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ እብጠቱን ይቀንሳል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ማሸት፣ ፍል ውኃ፣ የሚያቃጥል ቅባት አያስፈልግም፤ ደሙን ወደ ቦታው እየጠራ እብጠቱን ይጨምረዋል። ለልጅ አስፕሪን አይሰጥም። የማስታገሻ መርፌ ተወግቶ ወደ ሜዳ መመለስ ደግሞ የቤትን የእሳት ደወል አጥፍቶ እንደመተኛት ነው።

ቁስል ካለ በንጹሕ ውኃና በሳሙና ይታጠብ። ጥልቅ ከሆነ ወይም አፈር ከገባበት የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ ክትባቱን ለማጣራት ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ራጅ የሚያስፈልገው መቼ ነው? ለቁርጭምጭሚት ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ቀላል መለኪያ አለ። ልጁ ወዲያው እንደተጎዳም ሆነ በኋላ አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው፣ ወይም ከቁርጭምጭሚቱ በግራና በቀኝ ያሉት ጉብታ አጥንቶች ጫፋቸውና የኋላ ጠርዛቸው ሲነኩ ካመመው፣ ራጅ ይነሣ። እጅም ይሁን እግር ቅርጹ ከተጣመመ፣ ወይም አጥንት ቆዳ ቀዶ ከወጣ ግን መለኪያም አያስፈልግም። ባለበት ሁኔታ በካርቶን ደግፋችሁ፣ ክንድ ከሆነ በነጠላ አንገቱ ላይ አንጠልጥላችሁ፣ ወዲያውኑ ሆስፒታል አድርሱ። «እኔ ልመልሰው» የሚል ሰው ቢመጣ አመስግናችሁ እለፉት።

ከራስ ላይ ከተመታ

ልጁ ራሱን ባይስትም እንኳ አንጎሉ ተናውጦ ሊሆን ይችላል። ፈዘዝ ካለ፣ ራሱን ካዞረው፣ ካቅለሸለሸው፣ ውጤቱ ስንት እንደሆነ ወይም ከማን ጋር እንደሚጫወት ከጠፋው፣ በዚያ ቀን ወደ ሜዳ አይመለስም። ጥርጣሬ ካለም አይመለስም። ብቻውን ወደ ቤት አይላክ፤ ቢያንስ እስከ ማግሥቱ የሚያየው ሰው ከአጠገቡ ይኑር። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ለመቀስቀስ ካስቸገረ፣ ካንቀጠቀጠው፣ የአንዱ ዓይን ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ ወይም ከጆሮና ከአፍንጫ ጥርት ያለ ፈሳሽ ከወጣ፣ አንድ ደቂቃ ሳትቆዩ ሆስፒታል። ወደ ጨዋታ የሚመለሰው ምልክቱ ሁሉ ጠፍቶ፣ ትምህርቱን እንደ ልማዱ መከታተል ችሎ፣ ሐኪምም አይቶት ደረጃ በደረጃ ነው።

ስለ ማሰር፤ ይህን እባካችሁ ሁለት ጊዜ አንብቡት

ወጌሻ በአገራችን የተከበረ ሙያ ነው። ለወለምታውም ለውልቃቱም አያቶቻችን ያገኙት እርሱን ነበር፤ ዛሬም ብዙ ሰው ከጤና ጣቢያ በፊት የሚሄደው ወደ እርሱ ነው። ዋጋው ይቀላል፣ ቤቱ ቅርብ ነው፣ ቋንቋው ይገባል። ይህን ሁሉ እናውቃለን፤ ማንንም ለመስደብ አልተነሣንም። ግን ዝም ልንለው የማንችለው ነገር አለ።

የተሰበረ እጅ ወይም እግር እብጠቱ የሚጨምረው በመጀመሪያው ቀንና በማግሥቱ ነው። ሲታሰር ልክ የነበረው ማሰሪያ ሌሊት ላይ ይጠብቃል። በቀርከሃ ዙሪያውን ጥፍር ተደርጎ የታሰረ ከሆነ ደግሞ እብጠቱ የሚወጣበት የለውም፤ ደም ሥሩን ያንቃል። ደም ያጣ ጡንቻ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው መቁረጥ ብቻ ሊሆን ይችላል። በአገራችን ሆስፒታሎች የልጆች እጅና እግር ከሚቆረጥባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ይህ አጥብቆ የታሰረ ስብራት እንደሆነ ሐኪሞቻችን በጥናት ጽፈውታል። ስብራቱ ራሱ እኮ በጀሶ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ውስጥ የሚድን ነበር!

ባለፈው ክረምት በሰፈራችን የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። የ11 ዓመት ልጅ ግብ ሲጠብቅ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። ከሰዓት በኋላ ታሰረለት። ማታ ማልቀስ ጀመረ፤ «ስብራት ነው፣ ያማል፣ ቻለው» ተባለ። ሌሊት አክስቱ ተነሥታ ጣቶቹን ብትነካቸው እንደ በረዶ ቀዝቅዘዋል፤ በባትሪ ስታያቸው ጠቁረዋል። ማንንም ሳታማክር ማሰሪያውን በመቀስ ቆረጠችና ታክሲ አስጠርታ ሆስፒታል ይዛው ሄደች። ልጁ ዛሬ በዚያው እጁ ይጽፋል። ያችን እናት ማኅበሩ በሁላችሁም ስም ያመሰግናታል።

ስለዚህ በማንም ይታሰር፣ በሐኪም ጀሶም ቢሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የልጁ ጣቶች ቀንም ሌሊትም ይታዩ። የሚታየውም ይህ ነው፤

ሕመሙ እየቀነሰ ነው ወይስ እየጨመረ? እየጨመረ ከሄደ አደጋ ነው።
ጣቶቹን ቀስ ብላችሁ ስትዘረጉለት ይጮኻል?
ጣቶቹ ደንዝዘዋል? ወይስ እንደ መርፌ ይወጉታል?
ቀዝቅዘዋል፣ ገርጥተዋል ወይስ ጠቁረዋል?
ጥፍሩን ጫን አድርጋችሁ ስትለቁት በሁለት ሰከንድ ያህል ቀይ ሆኖ ይመለሳል? ካልተመለሰ ደም እየደረሰው አይደለም።

ከነዚህ አንዱ ከታየ እስኪነጋ አትጠብቁ። የጨርቅና የቀርከሃ ማሰሪያ ከሆነ ወዲያው ቆርጣችሁ ፍቱት። ጀሶ ከሆነ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። አጥንት ቢጣመም ሐኪም ያቃናዋል፤ የሞተ እጅን ግን ማንም አያስነሣም።

በገንዘብ ምክንያት የሚዘገይ ቤተሰብ ካለ አይዘግይ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያላችሁ መታወቂያችሁን ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ እነርሱ ወደ ሆስፒታል ይጽፉላችኋል። ድንገተኛ ከሆነ ግን በቀጥታ ሆስፒታል ነው። የሌላችሁ ደግሞ በማኛውም ሰዓት የኮሚቴውን ሰው በር አንኳኩ። ለታክሲና ለራጅ የሚሆን ብድር ከማኅበሩ ሣጥን በዚያው ሌሊት ይሰጣል።

ስለ ዘንድሮው ውድድር የወሰንነው

የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ተሰብስቦ የሚከተለውን ወስኗል፤

ሀ. ተጫዋቾች የሚመዘገቡት በልደት ካርድ ወይም በትምህርት ቤት ካርድ ነው። ከ12 ዓመት በታች፣ ከ15 ዓመት በታችና ከ18 ዓመት በታች ተለያይተው ይጫወታሉ።

ለ. ከ15 ዓመት በታች ያሉት 90 ደቂቃ አይጫወቱም። ትንንሾቹ ሁለት ጊዜ 20፣ መካከለኞቹ ሁለት ጊዜ 30 ደቂቃ ይጫወታሉ። ተቀያሪው ገደብ የለውም፤ ስለዚህ የታመመ ልጅ የሚያስጨርስ ምክንያት የለም።

ሐ. ሰውነቱን ያላሟሟቀ ቡድን ጨዋታ አይጀምርም።

መ. ግቦቹ መሬት ውስጥ ይቀበራሉ። ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ባለው እሑድ ጠዋት ሁላችንም አካፋና ማዳበሪያ ይዘን ወጥተን ሜዳውን እናጸዳለን።

ሠ. በየግጥሚያው የመጀመሪያ እርዳታ የሠለጠነ አንድ ሰው ይቀመጣል። እርሱ «ይውጣ» ያለውን ልጅ አሠልጣኝም፣ አባትም፣ ዳኛም መልሶ አያስገባም።

ረ. የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን እናዘጋጃለን። የሚለጠጥ ፋሻ፣ ጎዝ፣ ጓንት፣ መቀስ፣ ካርቶንና ንጹሕ ጨርቅ ያስፈልጋል። ያረጀ ግን የታጠበ አንሶላ ወይም ነጠላ ያላችሁ አምጡ። ማቀዝቀዣ ያላችሁ ሱቆችና ቤቶች በግጥሚያ ቀን በላስቲክ ውኃ አቀዝቅዛችሁ ብታቆዩልን ትልቅ እርዳታ ነው።

በመካከላችን ነርሶች፣ ሐኪሞችና የስፖርት መምህራን አላችሁ። ሁለት ቅዳሜ ከሰዓት ብትሰጡን አሠልጣኞቻችንን ታስተምሩልናላችሁ። ወጌሻዎቻችንንም በዚያ ትምህርት ላይ እንዲገኙ በአክብሮት ጋብዘናል። እንዲቀበሉን የምንጠይቃቸው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ስብራት የሚመስለውን ልጅ ከመንካታቸው በፊት ወደ ራጅ እንዲልኩ፣ ዙሪያውን አጥብቀው እንዳያስሩ።

በመጨረሻም ለአሠልጣኞች አንድ ቃል አለን። የሰፈሩ ልጆች ከአባታቸው ቃል የእናንተን ቃል ያስበልጣሉ። እናንተ «ውጣና እረፍ» ካላችሁ ይወጣሉ፤ «ቻለው» ካላችሁም ይችሉታል፤ እስኪሰበሩ ድረስ። ዋንጫው የአንድ ዓመት ነው፣ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሌላ ቡድን ይሄዳል። ልጁ ግን ገና 60 እና 70 ዓመት በዚያው እግሩ ሊሄድ ነው። ስለሆነም ዘንድሮ ከዋንጫው ጋር አንድ ሌላ ሽልማት አዘጋጅተናል። ይኸውም ውድድሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በጥንቃቄ ለመራና የታመመ ተጫዋች ላላሰለፈ አሠልጣኝ የሚሰጥ ነው።

ምዝገባው እስከ ሰኔ 30 ቀን ድረስ ከሥራ ሰዓት በኋላ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይካሄዳል። ልጁን የሚያስመዘግብ ወላጅ ራሱ ይምጣ፤ ልጁ ከዚህ በፊት የተጎዳው ነገር ካለ፣ አስም ወይም የልብ ሕመም ካለበት ይንገረን።

ሰላማዊ ክረምት ይሁንልን።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት